የቆቃው ጄኔሬተር

አዳማ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፍሬሕይወት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ። ስልክ መደወል እችል ነበር፤ ግን ድምፅሽን ስሰማ ስለ ሙቀትና ስለ ዝናብ አውርቼ እንደምዘጋው አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከመቂ የተቃጠለ ጄኔሬተር መጣልኝ። ስከፍተው የሽቦው አጠማጠም ልክ እንደ ዓሣ ነጋዴዋ እንደ ወርቄ ጄኔሬተር ነው፤ የሽቦው ጥቅሎች ሁሉ እኩል፣ በድርብ የተደራረቡ፣ ከጎድጎድ ወደ ጎድጎድ የሚዘሉት እርምጃም አጠር ያለ። ያኔ የወርቄ ተቃጥሎ ሱቃችን ሲመጣ "አባዬ፣ እንደነበረው እንጠምጥመው" ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን የውኃ ፓምፕ ሞተር ስጠመጥም የኖርኩበትን፣ አንዱን ጥቅል በሌላው ውስጥ የማስቀመጡን ዘዴ መረጥኩ። ቶሎ ያልቃል፣ ለእጅም ይቀላል። ቮልቱን በቴስተር ለክቼ አሳየሁሽ።

"ልኩስ ልክ ነው" አልሽ፤ "የኤሌክትሪኩ ሞገድ ግን ንጹሕ አይሆንም፤ የዓሣ ማቀዝቀዣዋን ይጎዳባታል።"

የትምህርት ቤቱን እዚያው ተዪው አልኩሽ።

በሦስተኛው ሳምንት ማቀዝቀዣዋ ተቃጥሎ ዓሣዋ ሁሉ ተበላሸ። ወርቄ ከቆቃ መጥታ ማን እንደጠመጠመው በሰው ፊት ስትጠይቀኝ፣ "ልጄ ናት፤ ገና እየለመደች ነው" አልኳት። አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ ነበር። እጅሽን ታጥበሽ ወጣሽ፤ ወደ ሱቁም አልተመለስሽም።

የመቂውን ጄኔሬተር፣ ትተሽው በሄድሽው ደብተር ላይ በሣልሽው መሠረት ጠመጠምኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ። ሱቅ ያለውን የውኃ ፓምፕ ቀጥዬ ሳስነሳው፣ ያ በእኔ አጠማጠም የለመድኩት ማጉረምረም የለም። አጠፋሁትና ቁጭ አልኩ።

በማግሥቱ ቆቃ ሄጄ ለወርቄ እውነቱን ነገርኳት፤ የእሷንም እንደገና እንደምጠመጥምላት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ዓሣ የምትሰነጥቅበትን ቢላዋ አስቀምጣ፣

"ጋሽ ዲበኩሉ፣ የእኔስ ዓሣ አልፏል። ለልጅቷ ነግረዋታል?" አለችኝ።



ልጄ፣ በዚያን ቀን ሱቁ በር ላይ ለነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ እየዞርኩ እውነቱን እየነገርኩ ነው። ሁለቱ አዳማን ለቀዋል፤ እነሱ እስከ ዛሬ አንቺ ያጠፋሽ ይመስላቸዋል። ይሄ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ነዪ አልልሽም። እዚያ ሥራሽን እንደምትወጂው እናትሽ ነግራኛለች። እግዚአብሔር በሄድሽበት ይጠብቅሽ፤ ስትናገሪ የሚሰማሽ ሰው ይስጥሽ።

አባትሽ
ዲበኩሉ