ሁለት ወር የቀረው ሪፖርት፦ የአቶ ጉልላት ሽመልስ የሕይወት ታሪክ (1955–2017 ዓ.ም.)

አቶ ጉልላት ሽመልስ መጋቢት 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ይርጋለም ላይ ተወለዱ። አባታችን አቶ ሽመልስ ወልደየስ ከመንዝ መጥተው በመንገድ ሥራ ፎርማንነት ያገለገሉ ሲሆን እናታችን ወ/ሮ የሺ አበጋዝ የቤት እመቤት ነበሩ። አቶ ጉልላት የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታችን ወደ ሀዋሳ ስለተዛወሩ ቤተሰቡ ባህል አዳራሽ አካባቢ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። ይህን የጻፍኩት ደግሞ የመጨረሻዋ እህታቸው ነኝ።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ሀዋሳ በ1973 ዓ.ም. አጠናቀው፣ አዲስ አበባ ሄደው በ1975 ዓ.ም. በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ተቀበሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥንቁቅ ነበሩ፤ እንዲያውም ፈሪ ነበሩ ብል እውነት ነው። እናታችን ሱቅ ሲልኳቸው መልሱን ሦስት ጊዜ ቆጥረው፣ ቤት ደርሰው ደግሞ እናታችን ፊት አንድ ጊዜ ይቆጥሩት ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ሀዋሳ በሚገኝ የመንግሥት የኮንስትራክሽን መሥሪያ ቤት በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። እዚያ ሳሉ ዕድሜ ልካቸውን ያልለቀቃቸውን ነገር አዩ። በ1983 ዓ.ም. አንድ የመጋዘን ጠባቂ ባልደረባቸው የሁለት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ወረቀት አምጣ ተብሎ ስላጣ ሰባት ወር ታሰረ። ወረቀቱ በኋላ ከቁም ሳጥን ጀርባ ወድቆ ተገኘ። ሰውየው ተፈታ፤ ነገር ግን እስኪሞት ድረስ መጠሪያው “ሲሚንቶው” ሆኖ ቀረ። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ የፈረሙበትን ወረቀት ሁሉ በሦስት ቅጂ ማስቀመጥ ጀመሩ።

በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማህሌት ግርማ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጽመው ኤልናታንንና ሶሊያናን ወልደው አሳድገዋል፤ አስተምረዋል።

በ2000 ዓ.ም. የመንግሥቱን ሥራ በፈቃዳቸው ለቀው አንዲት ጠባብ ቢሮ ተከራዩና ለሥራ ተቋራጮች የወጪ ሪፖርት ማዘጋጀት ጀመሩ። ይህ ሥራ ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔም ሂሳብ ያልተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ደጋግሜ ጠይቄ ነው የገባኝ። አንዳንድ የመንግሥት ግንባታ ላይ ተቋራጩ የሚከፈለው ያወጣው ወጪ እየታየ ነው። ስለዚህ በየወሩ ይህን ያህል ሲሚንቶ፣ ይህን ያህል ብረት፣ ይህን ያህል የቀን ሠራተኛ ብሎ ያቀርባል። መንግሥት የሚቀበለው ወጪ አለ፣ የማይቀበለው አለ። የማይቀበለው አንዲት ደረሰኝ ሾልካ ከገባች ሪፖርቱ ይመለሳል፤ ሲብስም የፈረመው ሰው ይጠየቃል። እሳቸው ደረሰኙን ከዕቃው፣ ዕቃውን ከግንባታው ጋር አመሳክረው፣ የሚገባውን አስገብተው፣ የማይገባውን አውጥተው ይፈርማሉ።

ደረሰኝ ብቻ አይተው አያምኑም ነበር። ሳይናገሩ ሳይት ይሄዳሉ። የቀን ሠራተኛ የሚቆጥሩትም ምሳ ሰዓት ነው። “ሥራ ላይ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ሁለቴ ይቆጠራል፤ ሲበላ ግን ቁጭ ብሎ ነው” ይሉ ነበር። ዛሬ እዚህ ከእኛ ጋር የቆሙት ተቋራጩ አቶ ሀብታሙ ያስታውሳሉ። ቱላ አካባቢ የሚሠሩት ጤና ጣቢያ ጣሪያው ሲከደን በሬ አርደው “ጋሽ ጉልላት፣ ይቺን ልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ ያስገቡልኝ” ቢሏቸው፣ ወንድሜ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው “በሬው የትኛው ክፍል ላይ ነው የተገነባው?” አሉ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ለተቆጣጣሪ መሐንዲሶች የተገዛው የአሳ ምሳም በዚሁ ዓይነት ከሪፖርቱ ወጥቷል።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ግን ደፋር ስለሆኑ አልነበረም። ሪፖርት ካስገቡ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ። አንድ ቀን “ጋሼ፣ ምን አጥፍተው ነው እንዲህ የሚፈሩት?” አልኳቸው። “ሲሚንቶው ምን አጥፍቶ ነበር?” አሉኝ።

አሁን የምጽፈውን ከጽሑፉ አውጪው ያሉኝ ዘመዶች አሉ። አላወጣም። እሳቸው ራሳቸው ጽፈው ፈርመው የሰጡትን እኔ ምን ብዬ ነው የምደብቀው?

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በዚያው ጤና ጣቢያ ሥራ ላይ ለግንበኞች ማልታ፣ ማለት የተቦካ ሲሚንቶ፣ ታቀብል የነበረች ራሔል የምትባል የቀን ሠራተኛ ታማ አረፈች። እዚህ ዘመድ አልነበራትም፤ ዕድርም አልነበራት። ትውልድ አገሯ አለታ ወንዶ ወስዶ መቅበር ነበረበት። አብረዋት የሚሠሩት ሠላሳ አራት ሰዎች ሳይቱ በር ላይ ቆመው “አብረን ውለን አፈር ሳናለብሳት አንቀርም” አሉ። አቶ ሀብታሙ አዲስ አበባ ነበሩ፤ ስልካቸው አይነሳም። ከከተማ ሲወጡ የሳይቱን ገንዘብ ለወንድሜ አደራ ይሰጡ ስለነበር ገንዘቡ በእሳቸው እጅ ነበር። አውቶቡስ ተከራዩ፤ አሥራ አራት ሺህ ብር። ራሳቸውም ሄደው ቀበሩ።

ደረሰኙ ላይ የተጻፈው “የሠራተኛ ማመላለሻ” የሚል ነው። ሠራተኛ መመላለሱ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የሄደው ወደ ቀብር እንጂ ወደ ሥራ አይደለም። ወሩ ሲያልቅ በኅዳር ሪፖርት ውስጥ አስገብተው ፈረሙ። ተቀባይነት አገኘ፤ ተከፈለ። ረስተው ነው እንዳይባል፣ አልረሱም። አውቀው ነው ያስገቡት። በገዛ አንደበታቸው ነግረውኛል።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልወርድ አላቸው። ባለቤታቸው ወ/ሮ ማህሌት “የሠራኸው የጽድቅ ሥራ ነው፤ ማን ጠየቀህና ነው እንዲህ የምትሆነው?” ቢሏቸው፣ “ዛሬ እኔ ለደግ ነገር ብዬ ካስገባሁ፣ ነገ ሀብታሙ ለበሬው ሲያስገባ ምን ብዬ ልከለክለው ነው?” አሉ። ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማንም ሳይጠይቃቸው ጤና ጣቢያውን ለሚያሠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉ። ኪራዩ የቀብር መሆኑን፣ ያስገቡትም እያወቁ መሆኑን ገልጸው፣ አሥራ አራት ሺውን ብር ከኪሳቸው መለሱ።

መሥሪያ ቤቱ ግን ገንዘቡን ተቀብሎ አልተወውም። አንድ ከተገኘ ሌላም ይኖራል ተብሎ ከጥር 2016 እስከ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ያለው የአሥራ አንድ ወር ሪፖርት በሙሉ እንዲመረመር ታዘዘ። ክፍያው ታገደ፤ ሥራው ቆመ። ለራሔል በር ላይ የቆሙት ሰዎች ሥራ ፈቱ፤ ይህ ከሁሉ በላይ ጎዳቸው። አቶ ሀብታሙ ቤት ድረስ መጥተው “ጋሽ ጉልላት፣ ማንም ያላየውን እርስዎ ለምን ያሳያሉ? ለአንድ አውቶቡስ ስንት ሚሊዮን አስያዙብኝ!” ብለው ጮኹባቸው። ወንድሜ “የፈረምኩት እኔ ነኝ” ብለው መለሱላቸው። በከተማውም “ጉልላትም ለካ!” ተባለ። እዚህ ከቆማችሁት መካከልም እንዲህ ብላችሁ ያወራችሁ አላችሁ። ስምም አልጠራም፤ ጆሮዬ ግን ሰምቷል።

የካቲትን፣ መጋቢትን፣ ሚያዝያን እንዲሁ በጭንቀት አሳለፉ። በሳምንት ሁለት ቀን ፎልደሮቻቸውን በፌስታል ይዘው መሥሪያ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ይቀመጣሉ። “ሲያልቅ እንጠራዎታለን፣ አባባ” ይሏቸዋል። ቤት ሲውሉም ወንበራቸውን ወደ ግቢው በር አዙረው ነው የሚቀመጡት። ሞተር ሳይክል ድምፅ ከሰሙ ይነሳሉ። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው መጥቶ እንኳ ቀለማቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። “ከአርባ ዓመት ሥራ በኋላ ሌባ ተብዬ ልሞት ነው” ይሉኝ ነበር። እኔም “ይተዉ እንጂ ጋሼ” እላቸዋለሁ፤ የግቢውን በር ግን እኔም አብሬያቸው አይ ነበር።

ሚያዝያ 21 ቀን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ደም ግፊታቸው ተነስቶ ወደቁ። ሆስፒታል ገብተው ሐኪሞች የሚቻለውን ሁሉ አድርገዋል፤ እናመሰግናቸዋለን። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ።

ግንቦት 8 ቀን የሪፖርቱን ምርመራ ከሚሠሩት አንዷ ወ/ሮ ብሌን አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። ጆሯቸው ድረስ ጎንበስ ብለው “ጋሽ ጉልላት፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ዘጠኙን ወር ጨርሰናል፤ አንድም ነገር አላገኘንም” አሏቸው። ወ/ሮ ማህሌት እልልታቸውን አቀለጡት። ወንድሜ ብዙ ከታገሉ በኋላ አንዲት ቃል አወጡ፤ “ሁለቱስ?” አሉ። የጥቅምትና የኅዳር የነዳጅ ደረሰኞች ከማደያዎቹ እስኪረጋገጡ እየተጠበቀ መሆኑን ወ/ሮ ብሌን ነገሯቸው። በግራ እጃቸው ሁለት ጣት አሳዩና ዐይናቸውን ከደኑ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት የለም።

አቶ ጉልላት ሽመልስ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ግንቦት 12 ቀን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አምስት እህት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል።

“ከጥርጣሬ ሁሉ ነጻ ወጥተው ዐረፉ ብለሽ ጻፊ” ተብዬ ነበር። ብጽፈው ደስ ባለኝ። ነገር ግን እሳቸው ባልተዘጋ ወር ላይ ፈርመው አያውቁም፤ እኔም በስማቸው አልፈርምም። ስለዚህ እንዳለ ይነበብ። በአሥራ አንድ ወር ሥራ ተጠየቁ። ዘጠኙ ወር ንጹህ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ የአውቶቡስ ኪራይ አለአግባብ አስገብተው ራሳቸው ተናግረው መልሰዋል። ሁለት ወር ይቀራል።

ጉዳዩ የሚመለከታችሁ በዚህ አላችሁና አደራ እላለሁ። ሞተዋል ብላችሁ ፋይሉን እንዳትዘጉት። አንድም ደረሰኝ ሳታልፉ ጨርሱትና ውጤቱን ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ማህሌት በማኅተም ስጡ። ያገኛችሁትን ጻፉ፤ እኛ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ሥጋት በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን፤ ለእኛም የምንጠብቅበትን አቅም ይስጠን። አሜን።