ለእትዬ ብዙነሽ የሚሆን ጣፋጭ

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

እትዬ ብዙነሽ ዛሬም ለሻይ አልወጡም። እኛ ኮሪደሩ ላይ ብስኩትና ለስላሳ ይዘን ስንንጫጫ እሳቸው ባዶ ክፍል ውስጥ ውሃቸውን እየተጎነጩ ደብተር ያገላብጣሉ። የክረምት ተማሪ ሆነን አምቦ ከገባን ወር ሊሞላን ነው። ሁላችንም አስተማሪዎች ነን፤ እረፍት ሲደወል ግን ከምናስተምራቸው ልጆች አንሻልም። በየቀኑ አዋጥተን ጣፋጭ እንገዛለን። እሳቸው ስኳር አለባቸው። ያዋጣሉ፣ አይቀምሱም።

ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደብተራቸውን አጠፉና «ዓርብ ጓዜን ይዤ ወደ ጊንጪ እመለሳለሁ። ይበቃኛል» አሉኝ።

ያስመረራቸው በሽታው አይደለም። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ የሚበሉትን ያውቃሉ። ያስመረራቸው የእኛ «አይዞዎት» ነው። ሳህን በዞረ ቁጥር ሁላችንም ዘወር ብለን ከንፈር እንመጣለን። «ለቅሶ የተቀመጥኩ እየመሰለኝ ነው» አሉ። አፈርኩ። ከከንፈር መጣጮቹ አንዷ እኔ ነኝ።

እንዲሄዱ አልፈልግም። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው ዲግሪ ልያዝ ብሎ መነሳት የስንት ሰው ወኔ ነው? የስታቲስቲክስ መምህራችን ሁለት ሰዓት ለፍቶ ያልገባንን እሳቸው በአሥር ደቂቃ ያስረዱናል። ጠመኔውን እንኳ ከቤታቸው ነው ያመጡት። እሳቸው ከሄዱ ግማሻችን እንወድቃለን፣ እኔ ደግሞ የመጀመሪያዋ። ግን ለፈተናው ብቻ አይደለም። እወዳቸዋለሁ።

የሆነ ነገር ልሠራ ነው። እሳቸውም እኛም ከአንድ ሳህን የምናነሳው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

በሶ በማር አሸሁ። አድቦለቦልኩት፣ አማረልኝ። እዚሁ ግቢ የተከራየችው ጎረቤቴ ሲስተር ሌሊሴ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ አንድ አቀበልኳት። ጣፈጣት። ለማን እንደሆነ ስነግራት ማኘኳን አቆመች።

«ጫልቱ፣ ማርም እኮ ስኳር ነው።»

ተናደድኩ። ማር መድኃኒት ነው እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ተከራከርኳት፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ እሷ ግን ቀዝቀዝ ብላ ያለችውን ደገመችው። እውነቷን ነው። በመጨረሻ ያዘዘችኝን እንደ ተማሪ ጻፍኩ፦

– በሶው ይቀነስ፤ እሱም ሆድ ገብቶ ስኳር ይሆናል
– ለውዝ ይብዛ
– ጣዕሙ ከቀረፋና ከኮረሪማ ይምጣ
– ድቡልቡሉ ትንንሽ ይሁን
– እሳቸውን ጠይቂያቸው

የመጨረሻውን ዘለልኩት። ድንገት ሳቀርብላቸው ነው ደስ የሚለው። የማሩን ድቡልቡል ምን ላድርገው? ቁጭ ብዬ ራሴ ጨረስኩት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

እናቴ ከጉደር በሚኒባስ ቅቤ ላከችልኝ። ንጥር ነው፣ ቤቱን አወደው። እኛ ቤት እንግዳ ሲከበር ጭኮ ይቀርባል፤ በሶ በቅቤ ታሽቶ። የኔ ግን የተለየ ነው። በሶ ጥቂት፣ የተወቀጠ ለውዝ ብዙ፣ ቀረፋ፣ ኮረሪማ፣ ለጠቅላላው ሦስት ፍሬ ቴምር። ሲስተር ሌሊሴ ቀምሳ «አሁን ገና» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለዛሬ ላደርሰው እችል ነበር። ግን ረቡዕ ጾም ነው። እኔ ጴንጤ ብሆንም ይህን አውቃለሁ፤ እትዬ ብዙነሽ ቅቤ አይነኩም። ለነገ አዞርኩት። በጥንቃቄዬ ራሴን አደነቅኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ከድጡ ወደ ማጡ።

በእረፍት ሰዓት እትዬ ብዙነሽን እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸውና በሁሉም ፊት ክዳኑን ከፈትኩ። የቅቤው ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። ማንም እጁን አልዘረጋም። የክፍል ተጠሪያችን ደረጀ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ጫልቱ፣ ዛሬ እኮ ፍልሰታ ገባ» አለኝ።

ሕፃናት እንኳ የሚጾሙት ጾም ነው። ረቡዕን ሸሽቼ አሥራ አምስት ቀን ጾም ውስጥ ዘው አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንባዬ መጣ። ሴትዮዋን ከለቅሶ ላወጣ ብዬ ይባስ ብዬ መሐል ላይ አቆምኳቸው።

ትናንት ጾም ነው ብዬ ለዛሬ እንዳዞርኩት ነገርኳቸው። እትዬ ብዙነሽ ክዳኑን ቀስ ብለው መለሱት። «ጾማችንን ባታውቂ አይገርመኝም። ረቡዕን መጠንቀቅሽ ነው የገረመኝ» አሉኝ። ከዚያ «ምን ምን አስገባሽበት?» ብለው አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። «ከሰዓት ቤትሽ እመጣለሁ፣ ለውዝ ገዝተሽ ጠብቂኝ።» ጭኮውን የማንጾመው ተካፍለን በላነው። መጣፈጡ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

በዝናቡ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። የመጀመሪያውን ለውዝ አሳረርኩት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ወሬሽን ቀንሺ፣ እሳቱንም ቀንሺ» አሉኝ። ሁለተኛውን ራሳቸው ቆሉት። ሙቀጫው ውስጥ ዱቄት ሲሆንልኝ አለቀ ብዬ ዘነዘናውን ላስቀምጥ ስል «ገና ነው፣ ውቀጪ» አሉ። ክንዴ ዛለ። ቆይቶ ዱቄቱ መርጠብ፣ ከዚያ ማብረቅ ጀመረ። ዘይቱ ወጣ። በሶውን በሱ አሸነው፣ ቅቤ አላስፈለገም። ሦስቱን ቴምር ወደ አንድ አወረዱት።

የት እንደተማሩት ጠየቅኳቸው። ሕመሙ የተነገራቸው ጊዜ ደብተር ከፍተው ኖሯል። የበሉትን፣ የበሉበትን ሰዓት፣ ከዚያ የስኳር መለኪያው ያሳየውን ይጽፋሉ። ራሳቸውን እንደ ተማሪ ሲፈትኑ ኖረዋል። የነፍስ አባታቸው ሰዓቱን እንዳይጾሙ ከልክለዋቸዋል፣ ከፍስክ ምግብ ግን ይጾማሉ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ እኛ ከንፈር እንመጣለን። ታዲያ ለምን አልነገሩንም አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ?»



ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ደረጀ የሻዩን ሰዓት ወደ ዘጠኝ አዞረው፤ ጿሚውም አብሮ እንዲበላ። ተጠሪነቱ ዛሬ ገና ጠቀመን።

ሳህኑን ያዞሩት እትዬ ብዙነሽ ራሳቸው ናቸው። መጀመሪያ መለኪያቸውን ከቦርሳ አውጥተው እዚያው ፊታችን ጣታቸውን ወጉ፣ ቁጥሩን አዩ፣ ከዚያ አንዷን አንስተው ጎረሱ። ደረጀ «አይዞ...» ብሎ ሲጀምር እግሩን ረገጥኩት። ሁለት ወጣት አስተማሪዎች ቀረብ ብለው ለውዙ ቅቤ ሳይገባበት እንዴት እንዲህ እንደለሰለሰ ጠየቋቸው። እሳቸውም ጠመኔ ሲይዙ የሚያወጡትን ድምፅ አውጥተው ማስረዳት ጀመሩ። እንዴት እንዳማረባቸው! ብስኩቱን ማንም አልከፈተውም።

ስለ ጊንጪው ነገር ቀኑን ሙሉ አልጠየቅኩም፣ ፈራሁ። ዓርብ አይደል ዛሬ? በር ላይ ባጃጅ ሲጠብቁ ደርሼ ጃንጥላቸውን ያዝኩላቸው። ምንም ጓዝ አልያዙም። ይህ ግን ምንም ማለት አይደለም፣ ጓዙ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ባጃጇ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ጠሩኝ።

«ጫልቱ፣ የሰኞውን ለውዝ እኔ ነኝ የምቆላው። አንቺ ታሳርሪዋለሽ።»

ሰኞ ነው ያሉት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።