የቤዚ የላባ ክንፍ

ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ተክለሃይማኖት፣ ለታላቅ እኅቴ ለእትዬ አፀደ፣ ለመላው ቤተሰብ፤ ሰላምታዬ በአክብሮት ይድረሳችሁ።

እትዬ፣ ልጄ ቤዚ ዘንድሮም ከባሏ ወገኖች፣ ከትሪኒዳዶቹ ጋር በካርኒቫሉ ሰልፍ ትወጣለች። ቅድመ አያቶቻቸው ከባርነት ነጻ ሲወጡ በጎዳና የጨፈሩትን የሚያስቡበት በዓል ነው።

የላባ ክንፏን የሚሠሩላት አማቷ ቀሚሷን ትናንት እንደገና አጠበቡት፤ የክንፉንም ሽቦ አቀለሉት። ቤዚ አማቷን «ማሚ፣ ንስር ነበርኩ፤ ጫጩት አደረጉኝ!» ብላ አሳቀችን። ባሏ ብቻ ወደ በረንዳ ወጣ።

ሁልጊዜ በእግሯ ስትጨፍር ትውል ነበር፤ ዘንድሮ አዛውንቱ በሚሄዱበት መኪና ላይ ወንበር ይዘንላታል።

እትዬ፣ ለገና ወደኛ ያሰቡትን ጉዞ፣ ቢቻልዎ፣ ወደዚህ ወር ያምጡት።

ስለ ጸሎታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰልፉ የተሳካ እንዲሆን፣ ቤዚንም ለዚያ ቀን እንዲያበቃልን እመኛለሁ።

ወንድምዎ ይድነቃቸው፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ