አኩራፊዎቹን የሚይዝ እጅ

መጋቢት 12
የፊዚክስ መምህራችን ዛሬ ያዙኝ። "ባቡርህ ከምን ደረሰ?" "እየተሠራ ነው።" ውሸት። ትንሿ እህቴ ከሞተች ወዲህ ካርቶኑን ከፍቼው አላውቅም። በማግኔት የሚንሳፈፍ ባቡር... ሐዲዱ ግማሽ ላይ ቆሟል። "ከጓደኛህ ጋር ሥራው" አሉ። አልፈልግም። እኔና እሷ ጀመርነው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። ማቅረቢያው አርብ ነው።

መጋቢት 13
ከፈትኩት። ትናንሽ ጠፍጣፋ ማግኔቶች ጣውላው ላይ በሙጫ ይጣበቃሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ። ችግሩ፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይገፋፋሉ። አንዱን ሳስቀምጥ ጎረቤቱ ዘሎ ይገለበጥና ይወጣበታል። ትንሿ "አኩራፊዎቹ" ነበር የምትላቸው። እሷ በጣቶቿ ትጫናለች፣ እኔ እለጥፋለሁ። አሁን ሁለት እጅ የት ይበቃል? በእግሬ ሞከርኩ... ካልሲዬ ጣውላው ላይ ቀረ።

መጋቢት 14
በፕላስተር ያዝኳቸው፣ አመለጡ። የድስት ክዳን ጫንኩባቸው። ክዳኑ ብረት መሆኑን ማን ያስብ? ሳነሣው ሁሉንም ነቅሎ ይዟቸው ተነሣ።

መጋቢት 15
እማዬ ክዳኗን ፍለጋ መጣች። ማግኔት እንደ ጉትቻ አንጠልጥሎ አገኘችው። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ...
"ጠጋ በል።" አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "የቱን ልያዝ?"
ይሄ የትንሿ ሥራ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። "ይቺን... ጠበቅ አድርገሽ።"
ትንሽ ቆይታ፣ "ይሄኛው አኩርፏል" አለች።
ቀና ብዬ አየኋት።
"ምን ታየኛለህ? ከወጥ ቤት እሰማችሁ አልነበር? ትንሿ 'አኩራፊው አመለጠ' ስትል..." ፊቷን አዞረች። እጇን ግን አላነሣችም። ለካ ማንሣትም አትችልም። ሙጫው አውራ ጣቷን ከጣውላው ጋር አጣብቆታል።
"አንተ ልጅ፣ ጣቴ።"
"አትሳቢው እማዬ፣ ሞቅ ያለ ውሃ ላምጣ።"
"ጉድ ነው። ነገ እኔንም ተሸክመህ ልታቀርበኝ ነው?"
ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። እኔም እንደዚያው። ጣቷ እስኪላቀቅ ስለ ትንሿ አወራን። እንዲህ ካወራን ስንት ጊዜ ሆነን? እንጃ... ቤት ውስጥ ስሟን የሚያነሣ አልነበረም። ሐዲዱን ጨረስነው።

መጋቢት 16
ተንሳፈፈ። በጣቴ ገፋ አደረግኩት፤ ከግራና ከቀኝ ያቆምኩት ካርቶን ደግፎት፣ ሐዲዱን ሳይነካ እስከ ዳር ሄደ። መምህሩ በሥሩ ወረቀት አሳለፉ።
"ማን አገዘህ?"
"እህቴ ጀመረችው፣ እናቴ ጨረሰችው።"
"እናቱን ቀጥሮ" አለ ረጅሙ ልጅ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።
ቤት ስገባ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ እማዬ፣ "ሄደ?"
"ሄደ።"
ሐዲዱን ተቀብላኝ ወለሉ ላይ ዘረጋችው፣ ባቡሩን ራሷ ነዳችው። ደጋግማ።
"ቀጥ ብሎ ብቻ ነው እንዴ የሚሄደው? ትንሿ ብትሆን ኩርባ ካልሠራን ትል ነበር።"
"ኩርባ ላይ ኩርፊያቸው ይብሳል እኮ እማዬ። አንዱም አይቀመጥልሽም።"
እጅጌዋን ሰበሰበች።
"ጓንት አምጣልኝ።"