ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ታማሚን ከአስታማሚ በዐይኑ ብቻ ለይቶ ለሚያስገባው የበር ጥበቃዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ በፀጉር ሥራ የምተዳደር፣ ታናሽ ወንድሜን በካናቢስ ሱስ ምክንያት ወደ ክፍልዎ የማመላልስ ሴት ነኝ። ካላስታወሱኝ አይጨነቁ፤ የወንድሟን ጃኬት ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ እግሩ በካርቶን በተደገፈው አግዳሚ ወንበር ላይ የምትቀመጠው እኔ ነኝ።

ወንድሜ ሕክምናውን ከጀመረ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ግድግዳው ያማኛል ማለቱን ትቷል፤ ሌሊቱን ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ያንጎራጉራል። ለዚህ የማመሰግንዎ ከልቤ ነው። ለቀሩት ምስጋናዎቼ ግን ያን ያህል ዋስ አልሆንም፤ ምክንያቱም ቀንቻለሁ፣ ሌላ ስም ልሰጠውም አልፈልግም።

አንደኛ፦ ሐኪምዎ ወንድሜን ስለ ልጅነቱ ስለጠየቀው ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወንድሜ ወደ ቤት ስንመለስ እንደነገረኝ፣ ሕመሙ ከሐሺሹ በፊት የነበረ፣ ያደገውም እኛው ቤት ውስጥ መሆኑን ሐኪሙ ደርሶበታል። አባታችን በተቆጣ ቁጥር እኛን ዕቃ ቤት ቆልፎ እናታችንን ይደበድብ እንደነበር ሲናገር፣ ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ አዳመጠው፤ ውኃ ቀዳለት፤ አልቅሶ እስኪወጣለት ጠበቀው። እኔም በዚያው ዕቃ ቤት፣ በዚያው ጨለማ ውስጥ ነበርኩ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብሎ እኔን የጠየቀኝ ግን ወንድሜ በልጅነቱ ምግብ ይበላ እንደነበር ነው። በደንብ ይበላ ነበር ብያለሁ። የእኔን ድርሻ ጨምሮ መሆኑን ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም።

ሁለተኛ፦ በሌላ ቀን ሐኪሙ አስገብቶ አስቀመጠኝና፣ ወንድሜ ከዚያ ዘመን አጥርቶ የሚያስታውሰው ጆሮዎቹን የሸፈኑለትን ሁለት እጆች እንደሆነ ነገረኝ። የእናታችንን ጩኸት እንዳይሰማ ያደረጉት እነሱ ናቸው። እንዲህ የሚሳሳለት ሰው ያለው ልጅ የመዳን ተስፋው ሰፋ ያለ እንደሚሆንም ፊቱ እየበራ አስረዳኝና “ወንድምሽ ዕድለኛ ነው” አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ሰው በገዛ እጁ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ወንድሜ ታላቅ እህት ነበረችው፣ እኔ ግን አልነበረችኝም። የነበሩኝ ሁለት እጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሥራ ላይ ነበሩ።

ሦስተኛ፦ ነርሶችዎ “አንቺማ ጠንካራ ነሽ” እያሉ ለሚሰጡኝ ማዕረግ እጅ እነሣለሁ። ይህች ጠንካራ ሴት የደንበኛ ፀጉር እያጠበች ሳለ በር ድንገት ሲዘጋ እጆቿ ስለሚንቀጠቀጡ ውኃው ቀዝቅዞብኝ ነው እያለች ታሳብባለች። ማታም ወንበር በሩ ላይ ካላስደገፈች አትተኛም። ይሁን እንጂ ስለማላጨስ ጤነኛ ነኝ።

አራተኛ፦ በመጨረሻ ዐይኔን በጨው አጥቤ መዝጋቢው ፊት ቀረብኩና ለራሴ ተራ እንዲይዝልኝ ጠየቅሁ። “ምንድን ነው የምትጠቀሚው?” አለኝ። ምንም አልኩት። “እሰይ! ታዲያ እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?” ብሎ ከኋላዬ የነበረውን ጠራ። የትኛው በር የእኔ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ክፉ ሰው አይደለምና፣ ወደ አግዳሚ ወንበሩ በትሕትና አመለከተኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር እንዲያብራሩልኝ እለምናለሁ። ባዘዛችሁኝ መሠረት ከወንድሜ ፍራሽ ሥር ያወጣሁት የሐሺሽ ጥቅል ነበር። መጣል ነበረብኝ፤ አልጣልኩትም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ወደ ክፍልዎ የሚያስገባው ይህ ከሆነ፣ ምን ያህል ሲጨስ ብቁ እንደሚያደርግ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ይለጠፍልኝ። ክብሪት ገዝቻለሁ። ቀልድ አስመስዬ የጻፍኩት እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው እንጂ ቀልድ አይደለም፤ ፈርቻለሁ።

ላሳረፈኝ ወንበር በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ቅናት ጋር፣

በመዝገብዎ “የታማሚው እህት” ተብላ የተጻፈችው

ማሳሰቢያ፦ መልስዎን በስልክ ሊሰጡኝ ከወደዱ ድምፅዎን ከፍ ለማድረግ አይድከሙ። ጆሮዬ እጅግ ደህና ነው፤ በልጅነቴ የሸፈነልኝ ሰው ስላልነበረ እስካሁን ሁሉንም ይሰማል።