ልጅህ በኋላ ማርሽ ይወርዳል

ሰይዴ፣ የኔ ሆድ፣ አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅህና፣ እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ከዚያ ሳቄ መጣ፣ አንተማ ምን ትሆናለህ፣ መከራ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ከተለየኸን አንዱ ረመዳን አለፈ፣ ሁለተኛው እየመጣ ነው። ያ ትኩሳት ይዞህ ሲሄድ ልጃችን አንዋር ገና በሆዱ ነበር የሚሳበው፣ አሁን ብታየው አታውቀውም፣ ወላሂ ፀጉሩ እንኳን ያንተን ሆኗል፣ ማበጠሪያ ይሰብራል። ጽሑፌን ታውቀዋለህ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሰው ነጥቡን የት እንደምታደርግ ምን ታውቃለች፣ አንተም ትስቅብኝ ነበር፣ አሁንም ሳቅ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስማኝ።

የምነግርህ ምን መሰለህ፣ ልጅህ ይወጣል። ይወጣል ስልህ ከቤት ይወጣል ማለቴ አይደለም፣ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ቆሞ መሄድን እንኳን ሳይጨርስ መውጣት ለመደ። አልጋው ላይ፣ ከአልጋው ጀሪካኑ ላይ፣ ከጀሪካኑ በርሜሉ ላይ፣ ከበርሜሉ መስኮቱ ላይ፣ የመስኮቱን ብረት ይዞ ይንጠለጠልና በመንገድ ለሚያልፈው ሁሉ እጁን ያወዛውዛል፣ አንድ እጁን ለቆ እኮ ነው! አከራያችን እትዬ ሀዋ «ይሄን ልጅ የወለድሽው ነው ወይስ ከድመት የተቀበልሽው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቡፌው ላይ ቲቪው አጠገብ እግሩን አንጠልጥሎ ቁጭ ብሏል፣ ልክ ዜና እንደሚያነብ ሰው ኮስተር ብሎ አየኝ። እኔ ባልዲውን ለቀቅኩት፣ እሱ አጨበጨበ።

እኔ ደግሞ ፈሪነቴን ታውቀዋለህ። አንተ የከባድ መኪና ረዳት ሆነህ ሸራ ልታስር ጭነቱ ላይ ስትወጣ እንኳን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምጠብቅህ። ወደቀ ተሰበረ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ልቤ እጄ ላይ ነው። እና ምን ሠራሁ መሰለህ፣ የሚጎዳውን ነገር ሁሉ ወደ ላይ ሰቀልኩት። በረኪናው ቡፌ ላይ፣ ቢላው ቡፌ ላይ፣ ክብሪቱ፣ መድኃኒቱ፣ መርፌው ቡፌ ላይ፣ ብስኩቱም እንዳይጨርሰው ቡፌ ላይ፣ ያቺ ታኮህም እዚያው። ጎማው እንዳይንሸራተት ከኋላው የምትሸጉጣት እንጨት፣ ሾፌርህ ጋሽ ሙሄ ከልብስህ ጋር ያመጡልኝ፣ አሁንም ግራሶ ግራሶ የምትሸት። እግሩ ላይ ይጥላታል ብዬ እሷንም ሰቀልኳት። እሱ ደግሞ የሚያምረው ነገር ሁሉ ወደ ላይ ሲሄድ እያየ ምን ያድርግ፣ ተከትሎ ወጣ። ሰማይ ላይ ሱቅ ከፍቼለት ደንበኛ መጣብኝ ብዬ አለቅሳለሁ።

ከዚያ የሻዩ ቀን መጣ። ሳምቡሳ መጥበስ ጀምሬያለሁ፣ አልነገርኩህም፣ ጀርባችን ላለው ጋራዥ ነው የምሸጠው፣ ከሻይ ጋር ይወዱታል። ሻዩን በፔርሙዝ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዘይቱን ላወርድ ዞር አልኩ፣ እሱ የጠረጴዛውን ልብስ ይዞ ሊወጣበት ጎተተው። ፔርሙዙ እግሩ ሥር ፈነዳ። ሰይዴ፣ አንዲት ጠብታ አልነካችውም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዘይቱ ቢሆንስ እያልኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ እሱ የሻይ ቅጠሉን በጣቱ እየለቀመ ይስቃል። እንደተነሳሁ አዋሽ ደወልኩ፣ ለእናትህ። «እማዬ፣ ኑና ውሰዱት፣ እኔ እጅ ላይ ይጠፋብኛል፣ ሰይድን ማቆየት ያልቻልኩ እሱን አላቆየውም» አልኳቸው። ስልኩን ሳልዘጋው ነው የጸጸተኝ። ግን እማዬን ታውቃቸዋለህ፣ ኑ ከተባሉ መቀነታቸውን የሚያስሩት መንገድ ላይ ነው።

በማግስቱ ከአውቶብስ ወረዱ፣ ትልቅ ሐብሐብ እንደ ልጅ አቅፈው። ገና ሰላም ሳይሉኝ «ይሄ ምን ዓይነት ሙቀት ነው፣ የልጅ ልጄንም ከሳምቡሳው ጋር ነው እንዴ የምትጠብሺው?» አሉኝ። አዋሽ ብርድ ያለ ይመስል! አንዋር ሐብሐቡ ላይ ወጣ፣ ተንከባለለ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ወጣ። እማዬ አዩት፣ አዩኝ፣ «ነፍስ እስኪያውቅ እኔ ጋ ይሁን። አንቺም ሥራሽን ሥሪ፣ በበዓል በበዓል ትመጪያለሽ። ነገ ይዤው እሄዳለሁ» አሉ። እሺ አልኳቸው። ራሴ ጠርቻቸው ምን ልበል። በበዓል በበዓል ልጄን እንደ እንግዳ ላየው ነው።

ጠዋት ልብሱን እያጣጠፍኩ ፌስታል ውስጥ እየከተትኩ ነው። ያንን አንተ ከጅቡቲ ያመጣህለትን ቢጫ ካናቴራ ሳገኝ ቁጭ ብዬ አሸተትኩት፣ ቁጭ ማለቴ ነው ጥፋቱ። ቀና ስል አንዋር የለም። አልጋ ሥር የለም፣ ቡፌ ላይ የለም። ከውጭ እማዬ «ያ አላህ!» ሲሉ ሰማሁና በባዶ እግሬ ወጣሁ። እትዬ ሀዋ ጣሪያው ላይ ያለውን የውሃ ታንከር የሚያዩበት የብረት መሰላል አለ አይደል፣ እዚያ ላይ ነው። ገና ጠዋት ስለሆነ ብረቱ አልጋለም፣ ቢግል ኖሮ አይነካውም ነበር። ከኔ ቁመት በላይ ሆኗል፣ እጄ ተረከዙ ጋ አይደርስም። እማዬ «ውረድ! ውረድ!» እያሉ ይጮሃሉ፣ እትዬ ሀዋ ይጮሃሉ፣ እኔም ጮህኩ፣ እሱ ጩኸቱ ጨዋታ መስሎት እየሳቀ ሌላ አንድ ደረጃ ወጣ። ተከትዬው ልውጣ ስል መሰላሉ ተነቃነቀ፣ ተውኩት።

ያኔ ከጀርባ ከጋራዡ ውስጥ አንዱ ረዳት ሾፌሩን እየመራ መኪና ወደ ኋላ እያስገባ «ና! ና! ና!» ማለት ጀመረ። አንዋር ቀጥ አለ። ጆሮውን አቆመ። ቂጡን ወደኔ ገፋ አደረገ።

ሰይዴ፣ ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። ትዝ ይልሃል መጀመሪያ ሲሳብ? የሰው ልጅ ወደ ፊት ነው የሚሳበው፣ ያንተ ልጅ መጫወቻውን እያየ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር፣ በራቀበት ቁጥር ይነጫነጫል። እኔ ልጁ ምን ሆኖ ነው ብዬ ስጨነቅ አንተ ከሳቅህ ብዛት ግድግዳ ይዘህ «ተዪው፣ የኔ ልጅ ነው፣ በኋላ ማርሽ ነው የጀመረው» አልክ። ከዚያ ከኋላው ተንበርክከህ ወለሉን በመዳፍህ እየመታህ «ና… ና… ና… በቃ! ታኮ!» ትለዋለህ፣ ታኮ ስትል እጅህን ቂጡ ሥር ትሸጉጣለህ፣ እሱ እጅህ ላይ ቁጭ ይልና ይፍለቀለቃል። ከመንገድ በመጣህ ቁጥር ያው ነበር ጨዋታችሁ። እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ ያስታውሰው አያስታውሰው አላህ ያውቃል፣ የጋራዡን ጩኸት ሲሰማ ውሎ ሲሰማ ስለሚያድር ይሆናል። ብቻ ዞር ብሎ አየኝ።

እማዬን በእጄ ዝም አሰኘኋቸው። መሰላሉን በመዳፌ ሁለቴ መታሁት፣ መኪናውን ከጎኑ እንደምትመታው፣ ድምፄን ወፍራም አደረግኩና «ና…» አልኩት። አንድ እግሩን አወረደ። ቀስ ብሎ፣ በአየር ላይ እየፈለገ፣ አገኘው። «ና…» ሌላውን አወረደ። «ና… ትንሽ… ና…» ያንን ድምፅ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ተረከዙ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ «በቃ! ታኮ!» ብዬ እጄን ከሥሩ ሸጎጥኩት። ዝም ብሎ ቁጭ አለበት። ፍልቅልቅ አለ።

እማዬ ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተቱ፣ መሬት ላይ እግራቸውን ዘርግተው አለቀሱ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረጉት። «ይሄ የሰይድ አጠራር ነው» አሉ። «እሱም ልጅ እያለ አዋሽ የቆመ ባቡር ላይ ነበር የሚወጣብኝ። በነጠላዬ ከአልጋው እግር ጋር ባስረው አልጋውን እየጎተተ በር ላይ ደረሰ።» ይሄን ለኔ አልነገርከኝም፣ ቆይ! ከዚያ ፌስታሉን አንስተው ልብሱን አንድ በአንድ መልሰው አወጡት። «እኔ የባቡር አገር ሰው ነኝ፣ መኪና ማስገባት አልችልም። ይሄን ልጅ ወስጄ ማን ሊያወርድልኝ ነው? እናቱ ጋ ይሁን» አሉ። እኔ እግራቸው ላይ ተደፋሁ፣ «ተነሺ፣ ሐብሐቡን ቁረጪ» አሉኝ።

ሐብሐቡን እየበላን ቡፌውን ቀና ብለው አዩና «እዚያ ላይ ደግሞ ገበያ ነው የዘረጋሽው?» አሉኝ። ያን ጊዜ አንተ ጭነት ስታስጭን የምትለው መጣልኝ፣ ከባዱ ወደ ታች፣ የማይታሰር ነገር አይጫን። ቤቱን እንደ መኪናህ ጫንኩት። ቡፌውን በሸራህ ገመድ ከግድግዳው ጋር አሰርኩት። በረኪናው፣ ቢላው፣ መድኃኒቱ ያንተ የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። የጠረጴዛውን ልብስ ጣልኩት። ብስኩቱና መጫወቻው መሬት ወረደ፣ አሁን ቡፌው ላይ ምንም የሚያስወጣ ነገር የለም። እትዬ ሀዋ የመሰላሉን ታችኛውን ክፍል በቆርቆሮ አስጠቀለሉት፣ እግር የሚያስረግጥ የለውም። ዘይቱን ደግሞ እማዬ ረመዳንን እዚህ ሊያሳልፉ ስለሆነ እሳቸው አንዋርን ካልያዙልኝ አልጥድም።

አሁንም ይወጣል፣ አልዋሽህም። ግን ያቺን ጨዋታ በየቀኑ ከአልጋው ላይ እናለማምደዋለን፣ ዞሮ በእግሩ ይወርዳል፣ እኔ ባልጠራው እንኳን ለራሱ «ና ና ና» ይላል፣ በቃ ማለት ስለማይችል «በታ!» ይላል፣ «ታቶ!» ይላል። ታኮህን አውርጄ ሰጥቼዋለሁ፣ አይለያትም። ፍራሹ ሥር ይሸጉጣታል፣ የእትዬ ሀዋ ዶሮ ሥር ይሸጉጣታል፣ ዶሮዋ ግቢውን ለቃ ልትሄድ ነው። እማዬ ሲሰግዱ ጫማቸው ሥር አደረጋትና ሶላታቸውን ጨርሰው ሲያሰላምቱ አይተው «አሁንማ ወደ አዋሽ መንሸራተት ቀረብኝ» አሉ።

ፍርሃቴ አልጠፋም ሰይዴ፣ ግን አሁን እጅ አውጥቷል፣ ይይዛል። ሲያድግ እነግረዋለሁ፣ መውጣቱን ማንም አላስተማረህም፣ መውረዱን ግን አባትህ ነው ያስተማረህ እለዋለሁ። ካናቴራው ሲጠበው ስለ ታኮዋ እነግረዋለሁ፣ ታኮዋ ስታልቅ ድምፅህን እያስመሰልኩ እጠራዋለሁ፣ አንተን የሚረሳ ቤት አይደለም ይሄ። ይኸው አሁን እንኳን እየጻፍኩ ጀርባዬ ላይ እየወጣ ነው፣ ትከሻዬ ላይ ደርሷል፣ ብዕሬን ሊቀማኝ ነው። አንድ እጄን ከኋላዬ ዘርግቼለታለሁ።

ና… ና… ና የኔ ጌታ። በቃ። ታኮ።