ሳሙና ላስቲክ አያቃጥልም

ሰኞ፣ የካቲት 3

ችግኝ አጠጣሁ። ከግሪንሃውሱ ጣሪያ ሌላ ቁራጭ ላስቲክ ቃሪያው ላይ ወደቀ። አነሳሁትና ቀጠልኩ።

ምሳ ላይ አባዬ ወሰነ። "እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታደሰ ይነሳ። ወንድምሽ መኪናውን ያቆምበታል።" ለምሳ የመጣው ወንድሜ ቀና እንኳ አላለም። እያላመጠ፣ "ምን ይደረግ፣ ላስቲኩን ኬሚካሏ ነው የጨረሰው" አለ።

ኬሚካሌ የሳሙና ውሃ ነው። ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ቅጠሉን ሲወረው እረጫለሁ። በዚያው ሳሙና ወንድሜ ፊቱን ይታጠባል። ፊቱ እስካሁን አለ።

አራት ዓመት ስለ ዕፅዋት ተማርኩ፤ እዚህ ቤት የምታወቀው ግን ላስቲክ በማቃጠል ነው። ዕዳ ከሜዳ። የምተዳደረው ችግኝ ሸጬ ነው። ግሪንሃውሱ ከፈረሰ ምን ይቀረኛል? ዲግሪዬ። እሱም ግድግዳ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አሮጌውን ላስቲክ አወረድኩ። መቀስ አላስፈለገም፤ እንደ ደረቅ ቅጠል እጄ ላይ ተፈረፈረ። ብረቶቹን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ዋልኩ። እማዬ መጥታ አየችኝና፣ "አላርፍ ያለች ጣት..." ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። የተረቱ መጨረሻ ይቀፋታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ብረቱን ቀለም ቀባሁ። ፀጉሬንም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አዲስ ላስቲክ ገዛሁ። ባለ ሱቁ ጥቅሉን ፈታ አድርጎ ጠርዙ ላይ የታተመውን ጽሑፍ አሳየኝ።

"ጽሑፉ ወደ ውጭ ነው የሚሆነው፣ እህቴ። ፀሐይ የሚችለው በዚህ በኩል ነው። ከገለበጥሽው በሁለት ዓመት እንደ ብስኩት ይሰባበራል።"

"ተሰባብሯል" አልኩት።

"ማን ገለበጠው?"

"እኔ አይደለሁም።"

"ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው።"

ቤት ገብቼ የአሮጌውን ክምር አገላበጥኩ። በአንድ በኩል የሁለት ዓመት አቧራ። በሌላው፣ በውስጥ በኩል፣ ጽሑፍ። ያለበሰው ወንድሜ ነው፤ እኔ ያኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ቆሜ ቀና ብዬ ሳነበው ኖሬያለሁ... የተማርኩት እኔ።

ልንገራቸው? "የተማረ ሰው ሰበብ አያጣም" ይላል ወንድሜ። አባዬ ይስቃል። ሳቁን አውቀዋለሁ።

ለዛሬ ዝም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ብቻዬን ላለብሰው ሞከርኩ። ነፋሱ ላስቲኩን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ እስከ አጥሩ ሄደ። እማዬ መስኮት ላይ ነበረች። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች። ይሄኛውን ጨረሰችው።

ባለ ሱቁ ነግሮኝ ነበር፤ ስድስት ሰው፣ ነፋስ የሌለው ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል። እኔ፣ እማዬ፣ አባዬ፣ አናጢው ጎረቤታችን። አራት። የቀሩት ሁለቱ ወንድሜና ሚስቱ ናቸው። ሌላ ሰው የለም? ቆጠርኩ። የለም።

እራት ላይ፣ "ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለህ፣ ሚስትህንም ይዘህ" አልኩት።

"ለምኚኝ።"

"ቅዳሜ ጠዋት።"

ሚስቱ "እንመጣለን" አለች። ሳህኗን እያየች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ነፋስ የለም። ሦስታችን በአንድ ወገን፣ ሦስቱ በሌላው። ላስቲኩ ቅስቶቹ ላይ ወጣ። ወንድሜ ቀና አለ።

"ቆይ፣ ጽሑፉ ከላይ ሆነ እኮ። አዙሩት።"

"ይሁን" አልኩ።

"ምን ይሁን? ቤታችን መጋዘን ሊመስል? አባዬ፣ ባለፈውም እኔ ነኝ ያዞርኩት። አናጢው ሳይቀሩ ረስተውት ነበር።"

"እኔ ያን ጊዜ አልነበርኩም" አሉ አናጢው። "ብኖር አላስነካህም ነበር። ይሄ ነገር ተገልብጦ ሁለት ዓመትም አይቆይም።"

ስድስታችንም ላስቲክ ይዘናል፤ ለቆ መሄድ አይቻልም። የወንድሜ ሚስት ሳል ያዛት። ወይም ሳቅ።

"ስንት ዓመት አሉ?" አለ አባዬ።

"ሁለት።"

አባዬ እኔን አላየኝም። ጽሑፉን ነው ያየው፣ ረጅም ጊዜ። ሁሉንም ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ሳምንት ሙሉ ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው...

"ሳቡ" አልኩ።

ሳቡ። ወንድሜም ሳበ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ይቅርታ ያለኝ የለም። ላስቲኩ ተወጥሯል።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ወንድሜ መኪናውን መንገድ ዳር ያቆማል። ስለ ኬሚካል አያነሳም። ሳሙና ግን ከራሱ ቤት ይዞ መምጣት ጀምሯል።

የቲማቲም ችግኝ ወደ ትልቅ ዕቃ ሳዛውር የአባዬ ጥላ ላስቲኩ ላይ መጣ። አልገባም። በጣቱ በሩን አንኳኳ። ላስቲክ ሲንኳኳ ድምፅ የለውም፤ ጥላውን ባላይ እስካሁን ደጅ ነበር።

"ግባ" አልኩት።

ጫማውን ጠርጎ ገባ። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ችግኙን በየተራ አየ። የቤቱ አዛዥ እሱ ነው፤ ምን ሊያዝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"የቱ ጋ ልቁም?" አለ።

አሳየሁት።